ሰዓቱ ሲጮህ የምትነሳው ማን ናት?

አድሚን፣ ስሜን ሳትጠቅሺ ለጥፊልኝ። ዛሬ የምጽፈው የመከራ ታሪክ አይደለም። ማለቴ ትንሽ መከራ አለበት፣ ግን ይዤ የመጣሁት ሐሳብ ነው። ስለ አንድ የእጅ ሰዓት።

መጀመሪያ ግን አጅማንን ላውራችሁ። ከስድስት ዓመት በፊት እዚያ አንድ ቤት እሠራ ነበር። ማማ ኪቢራ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። እሳቸው ምድር ቤት ይተኛሉ፣ እኔ ጣራ ላይ ባለችው ክፍል፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ። አንድ ቀን ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ተነሱና ሐማም ውስጥ ወደቁ። በኛ ሰዓት ከለሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ መሆን አለበት፤ አዛን ሲሰሙ የመነሳት ልማድ ስለነበራቸው ነው የምገምተው። እኔ የወረድኩት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። መብራቱ በርቷል፣ ውሃው ይፈሳል፣ እሳቸው ሴራሚኩ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ተጣርተው ተጣርተው ድምፃቸው ጠፍቷል። እጃቸውን ስይዘው በረዶ ነበር። ዳሌያቸው ተሰብሯል።

ልጃቸው ከላይ ሮጦ ሲወርድ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ወይን ኪንቲ?» ብሎ ነው። የት ነበርሽ? የት እሆናለሁ፣ እነሱ በሰጡኝ ክፍል ተኝቼ ነበር። ግን ይህን በዐረብኛ ማስረዳት ይቅርና ለራሴም ማስረዳት አቅቶኝ ነበር። ማማ ኪቢራ ሆስፒታል ሆነው «ልጅቷ ምንም አላጠፋችም» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ማን ሊሰማቸው! በሁለተኛው ሳምንት ወደ መክተብ መለሱኝ። እሳቸው ከዚያ በኋላ በእግራቸው አልሄዱም።

ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። አረጋዊ የምትንከባከቡ እህቶች ሁሉ ታውቋታላችሁ ብዬ አስባለሁ። ሰው ሲወድቅ ወለሉ አይጠየቅም፣ ምንጣፉ አይጠየቅም፣ የደም ግፊት ኪኒኑ አይጠየቅም። የምትጠየቀው ሠራተኛዋ ናት።

አሁን ሻርጃ ነኝ። ያሉሁበት ቤት ማዳም የእናቷ ነገር የሚያሳስባት ሴት ናት፤ ባለፈው ዓመት ሰው ሲወድቅ የሚያውቅ ሰዓት ገዝታ እጃቸው ላይ አሰረችላቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ሌላ ካሜራ መሰለኝ። እነዚህ ሰዎች ሳሎን ካሜራ፣ ኩሽና ካሜራ፣ አሁን ደግሞ አሮጊቷ እጅ ላይ ብዬ ተናደድኩ። ቀስ በቀስ ሳየው ግን ካሜራ አይደለም። ካሜራ እኔን ነው የሚያየው፣ ሰዓቱ እሳቸውን። ለኔ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

አሠራሩን ለማታውቁት ባጭሩ። አፕል ይህን ነገር በሰዓቱ ላይ የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፣ በኋላ ሳምሰንግም ጎግልም አመጡት። ውስጡ የእጅን እንቅስቃሴና መዞር የሚለኩ ጥቃቅን መሣሪያዎች አሉ። ሰውነት ድንገት ወደ ታች ሲሄድ፣ ከዚያ በኃይል ሲጋጭ፣ «ይሄ መውደቅ ነው» ይላል። እጅን ነካ ነካ እያደረገ ይጮሃል፣ «ደህና ነኝ» የሚል ምልክትም ያወጣል። ሰውየው ለአንድ ደቂቃ ያህል ካልተንቀሳቀሰ 30 ሰከንድ መቁጠር ይጀምራል፣ ድምፁም እየጨመረ ይሄዳል። መልስ ካላገኘ ራሱ ወደ ድንገተኛ አገልግሎት ይደውላል፣ ከዚያም አስቀድሞ ለተመዘገቡት ቤተሰቦች ያለበትን ቦታ በመልእክት ይልካል።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ከወደቁ በኋላ ቢጮህ ምን ዋጋ አለው?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። አዎ፣ ሰዓቱ መውደቅን አያስቀርም። የሚያሳጥረው መሬት ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ ጥናት ነበር፤ ወድቀው ከአንድ ሰዓት በላይ መሬት ላይ ከቆዩት አረጋውያን ግማሽ ያህሉ በስድስት ወር ውስጥ ሞተዋል፣ በመውደቁ ያልተጎዱት ጭምር። ብርዱ፣ የውሃ ጥሙ፣ የጡንቻው መጎዳት፣ ፍርሃቱ ነው የሚገድለው። የአጅማኗ ማማ ኪቢራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው የቆዩት። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ሰዓቱን በሌላ ዓይን ያየሁት።

«ታዲያ አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠል፣ የሚጫኑት ቁልፍ አይበቃም?» የምትል ካለች፣ ካምብሪጅ ላይ ዕድሜያቸው ከ90 ያለፈ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቷል። ብቻቸውን ወድቀው መነሳት ካቃታቸው፣ ቁልፉም ካላቸው ሰዎች አብዛኞቹ አልተጫኑትም። አንዱ ያፍራል፣ አንዱ ሰው ላስቸግር አይልም፣ አንዱ ይረሳዋል። እናቶቻችንን አስቧቸው፤ የኔ እናት ብትሆን ቁልፉን ከምትጫን እስኪነጋ ተኝታ ብትጠብቅ ትመርጣለች። ስለዚህ ሳይነኩት ራሱ የሚጮኸው ይሻላል።

እዚህ ድረስ ሰዓቱን አመሰገንኩ። አሁን ጉዱን ልንገራችሁ።

ኩባንያው ራሱ ሁሉንም መውደቅ እንደማያውቅ ይናገራል። ሰው ከአልጋ ጠርዝ ቀስ ብሎ ሲንሸራተት፣ ግድግዳ ይዞ እየተቀመጠ ሲወርድ ግጭቱ ቀላል ስለሆነ ሰዓቱ ዝም ሊል ይችላል። አረጋዊ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ዛፍ አይገነደስም፣ እንደ ጨርቅ ነው የሚወርደው። በተቃራኒው ደግሞ ያልሆነውን ሆነ ይላል። አንድ ቀን ማማ ኪቢራ ዝንብ ሊመቱ ሶፋውን በመዳፋቸው ቢያጮሉት ሰዓቱ ቀወጠው። እኔ ከኩሽና ሽንኩርት በእጄ ይዤ ስሮጥ እሳቸው ዝንቧን ገድለው ይስቃሉ።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው፣ ይህን የሠሩት ሰዎች ያሰቡበትም አይመስለኝም። ውዱእ። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፣ አያቴ አምስት ወቅት ሶላት የማታስታጉል ሴት ነበረች፣ እና ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ውዱእ ሲደረግ እጅ እስከ ክርን ይታጠባል፣ ውሃው ቆዳውን መንካት አለበት። ስለዚህ ማማ ኪቢራ በቀን አምስት ጊዜ ሰዓቱን ፈተው መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ያስቀምጡታል። ከዚያ ወለሉ ይረጥባል፣ ከዚያ አንድ እግራቸውን አንስተው ወደ መታጠቢያው ይሰቅላሉ፣ በአንድ እግር ቆመው፣ በ79 ዓመታቸው! በቀን ውስጥ ለመውደቅ ከሁሉ የቀረቡበት ሰዓት ይህ ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ እጃቸው ላይ የለም። አንዳንዴ ሶላታቸውን ሰግደው፣ ቡና ጠጥተው፣ እስከ ዙህር እዚያው ተረስቶ ይውላል። ከሁለት ሺህ ድርሃም በላይ የወጣበት ሰዓት ሳሙና ሲጠብቅ።

ለማዳም ነገርኳት። መጀመሪያ «ንገሪያት አታውልቂ በያት» አለች። እንዴት አድርጌ ነው እኔ ለሃጃ ውዱእ እንዳያሟሉ የምነግራቸው? አያቴን የማስታጥበው እንዴት ነበር ብዬ አሰብኩ። በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ ከፊቷ ሰፋ ያለ ሳህን፣ እኔ በማንቆርቆሪያ አፈስላታለሁ። ያንኑ አደረግሁ። የፕላስቲክ ወንበር እግሩ የማይንሸራተት፣ ከሥሩ ጎማ ምንጣፍ፣ እሳቸው ተቀምጠው እኔ አፈስላቸዋለሁ። ሰዓቱ ቢፈታም እኔ አጠገባቸው ነኝ፤ ሲጨርሱ ራሴ አስርላቸዋለሁ። እሳቸው በጣም ነው የወደዱት። «እንደ ልጅነቴ፣ እንደ እናቴ ቤት» አሉኝ። ወንበሩ 25 ድርሃም ነው። እኔ ብጠየቅ ከሰዓቱና ከወንበሩ የትኛው ብዙ መውደቅ አስቀረ ብባል የምመልሰውን ታውቁታላችሁ።

ቻርጁም እንዲሁ ነው። ሰዉ ሁሉ ስልኩን ማታ ነው የሚሰካው፣ ሰዓቱንም ማታ ይሰካዋል። ሽንት ሊሸኑ በጨለማ የሚነሱት ግን ማታ ነው። እኛ ቤት አሁን የሚሰካው ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሳሎን አብረን ቴሌቪዥን ስናይ ነው።

እዚህ ላይ ነው ርእሱ ላይ የጻፍኩት ጥያቄ የሚመጣው። ማዳም ሰዓቱን ስታስገባ አላርሙ የኔ ስልክ ላይም እንዲጮህ አደረገች። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አመነችኝ ብዬ። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ግን ሰውነቴ አልቻለም። ሰዓቱ የሚጮኸው ለመውደቅ ብቻ አይደለማ፤ የልብ ምት ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ባትሪ አነሰ፣ እያለ ሌሊቱን ትር ትር ይላል። ባይጮህም አንድ ጆሮዬ ስልኩ ላይ ነው። ተኝቼ አልተኛሁም። አንድ ጠዋት ሻይ እያፈላሁ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ የፈላ ውሃ እጄ ላይ ፈሰሰ። ማማ ኪቢራን ደግፌ ቢሆን ኖሮስ?

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሻርጃ ውስጥ የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ የሚያስተዳድረው የአረጋውያን ማረፊያ አለ። እንዲህ ያለ ቦታ ነርሶቹ በፈረቃ ነው የሚሠሩት። አላርም ሲጮህ የምትነሳው ተኝታ የነበረች ሰው አይደለችም፣ ለዚያ ሌሊት ተረኛ ሆና ቁጭ ያለች ናት። ጠዋት ሌላዋ ትተካታለች። ቤት ውስጥ ግን የቀን ፈረቃም እኔ፣ የማታ ፈረቃም እኔ፣ ኩሽናም እኔ። መሣሪያው ያው ነው፣ የሚነሳው ሰው ቁጥር ነው የተለየው። መሣሪያ ብቻውን ምንም እንደማያደርግ ደግሞ እዚያው ሆስፒታሎቹም አይተውታል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሆስፒታል፣ በሽተኛው ከአልጋ ሲነሳ የሚጮህ አላርም በብዙ ክፍሎች አስገብቶ ሞክሮት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ውጤት የመውደቁ ቁጥር አልቀነሰም ይላል። መጮኽ ሌላ፣ መድረስ ሌላ።

ሕጉ ምን ይላል? የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 9፣ ለኛ በሳምንት አንድ የሚከፈልበት የዕረፍት ቀን ይሰጣል። በቀን ደግሞ ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ሳይቆራረጡ ተከታታይ መሆን አለባቸው። «ተከታታይ» የሚለውን ቃል አስምሩበት። ሌሊቱን አምስት ጊዜ የሚቀሰቅስ ስልክ ትራስሽ ሥር ካለ 8 ሰዓት ተከታታይ የለም። ሥራ ላይ ነሽ። በዚሁ ሕግ ሥር ያሉት የሥራ ዓይነቶች ላይ የቤት ሠራተኛ ለብቻው፣ የግል ነርስ ለብቻው ተጽፏል። ኮንትራትሽ የቤት ሠራተኛ ብሎ አንቺ ግን መርፌ የምትወጊ፣ ሰው የምታነሺ፣ አላርም የምትጠብቂ ከሆነ፣ ያ ሌላ ሥራ ነው፤ ያለ ፈቃድሽ ሊጫንብሽ አይገባም።

«ተናገሪ ማለት ቀላል ነው፣ ያባርሩናል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ከመክተብ ወደ መክተብ የተንከራተትኩ ነኝ፣ ጀግና አይደለሁም። ስለ ሕግ አላወራሁም። ማዳም በጥሩ ሁኔታ ላይ ሳለች፣ ዓርብ ቀን፣ የተቃጠለውን እጄን አሳይቼ «ማዳም፣ እኔ እንቅልፍ ካጣሁ እናትሽን ጠዋት ደግፌ እወድቃለሁ፣ ሁለታችንም እንወድቃለን» አልኳት። ገባት። የእናቷን ነገር ስለነካሁ ነው የገባት፣ የኔን እንቅልፍ ብቻ ብል ኖሮ እንጃ። እሷ የሻርጃ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ሻርጃ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ ሦስት ቀን ዕረፍት ነው። በእነዚያ ሌሊቶች አላርሙ የሷ ስልክ ላይ ነው። በሌሎቹ ቀናት የኔ ላይ የሚመጣው የመውደቅ ጥሪ ብቻ ነው፣ የልብ ምቱና የባትሪው ወሬ ወደሷ ይሄዳል። ከተነሳሁ ደግሞ ቀን ሁለት ሰዓት እተኛለሁ። ሙሉ መብቴ ነው አልልም። ግን ከነበረው ይሻላል።

ሌላ የምለው ስለ ማስረጃ ነው። ሰዓቱ መውደቅን ሲያገኝ፣ «አልወደቅኩም» ካልተባለ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ስልኩ የጤና ማኅደር ውስጥ ይመዘግበዋል። ይህ ነገር ሁለት ስለት አለው። አጅማን ያን ጊዜ ሰዓት ቢኖር፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወደቁ ይል ነበር። እኔን የሚያድነኝ ምስክር ነበር። በሌላ በኩል «አሥር ሰዓት ተኩል ጮኸ፣ አንቺ ለምን በአርባ ደቂቃው መጣሽ?» የሚልም ይኖራል። ወይም ሰዓቱ ቻርጅ ላይ እያለ ከወደቁ «አንቺ ነሽ የፈታሽው» ይባላል። ስለዚህ እኔ ለራሴ አንድ ነገር አደርጋለሁ፤ ስፈታውም ሳስረውም ለማዳም በዋትሳፕ አንድ ቃል እልካለሁ። «ቻርጅ»፣ «አሰርኩ»። መጀመሪያ ትስቅብኝ ነበር፣ አሁን ለምዳዋለች። ያ መልእክት ለኔ ነው የሚቀመጠው።

ሴቲንጉንም ተማሩት፣ ማዳም ብቻ አታውቀው። ሰዓቱ እጅ ላይ መኖሩን የሚያውቅበት ቁልፍ ከጠፋ፣ ቢወድቁም ራሱ አይደውልም። የተመዘገበው ዕድሜ የተሳሳተ ከሆነ ነገሩ በራሱ ላይከፈት ይችላል፤ ራሱ የሚከፈተው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ነው። እኛ ቤት የተመዘገበው የማዳም ልደት ሆኖ አገኘሁት! ማሰሪያው ከላላም አይሠራም፤ የአረጋዊ እጅ ደግሞ ቀጭን ነው፣ ከጠበቀ ቆዳው ይላጣል። አንድ ጣት የሚያስገባ ያህል።

ከጮኸ ደግሞ እባካችሁ ዘላችሁ አታንሷቸው። የሁላችንም የመጀመሪያ ስሜት ብብት ይዞ ማንሳት ነው፣ እኔም ያን ቀን አጅማን ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ሲጮሁ ነው የለቀቅኳቸው። መጀመሪያ አናግሯቸው። ጭንቅላታቸውን መትተዋል? አንዱ እግር አጥሯል ወይ ወደ ውጭ ዞሯል? ዳሌ ሲሰበር እንዲያ ይሆናል። እንዲያ ካያችሁ ብርድ ልብስ አልብሷቸው፣ ሳትነቀንቁ 998 ደውሉ፤ ዱባይም ሻርጃም አጅማንም አምቡላንስ በዚህ ቁጥር ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነና ጭንቅላታቸው ከተመታ፣ ደህና ነኝ ቢሉም ሐኪም ይያቸው፤ ደሙ ውስጥ ለውስጥ ሊፈስ ይችላል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። አገር ቤት ከመውጣቴ በፊት የብቃት ማረጋገጫ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ማይክሮዌቭ፣ ካውያ፣ አልጋ ማንጠፍ። ሰው ማንሳት የሚል ነገር አልነበረም። እዚህ ግን ስንቶቻችን ነን ልብስ ከማጠብ ይልቅ አረጋዊ ስናነሳ የምንውለው?

እናቴ ወሎ ናት፣ ዘንድሮ 70 ሞላት። ይህን ሰዓት ገዝቼ ልላክላት ብዬ ነበር። ከዚያ አሰብኩት። ቢጮህ ማን ይሰማዋል? ወንድሜ ቀን እርሻ ነው፣ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል፣ መብራቱም እንዲሁ። ስለዚህ ሰዓቱን ተውኩት። ማታ ወደ ጓሮ ስትወጣ የምትይዘው ባትሪ፣ ሶሉ የማይንሸራተት ጫማ ላክሁላት፤ ለወንድሜ ደግሞ ከደጃፉ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ የእጅ መያዣ እንጨት እንዲተክል ብር ላክሁ። እስካሁን አልተከለውም። ዛሬም ደውዬ ጮኼበታለሁ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ስልኩ እኔ ጋ ነው። ማማ ኪቢራ ተኝተዋል፣ ሰዓቱ እጃቸው ላይ ነው፣ የሐማሙን መብራት አብርቼ በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ። እናንተ ቤት ሌሊት ላይ የሚጮኸው የማን ስልክ ነው? ጻፉልኝ።